ገመዱን ያስጠበቀ ወሬ

አንድ ንጉሥ በሚገዛው አገር፣ ወንዝ ዳር በተቆረቆረች የገበያ ከተማ ውስጥ፣ ማንጠግቦሽ የምትባል የሽንኩርትና የበርበሬ ቸርቻሪ ነበረች። ወላጆቿ ይህን ስም ሲያወጡላት ምን እንዳሰቡ አይታወቅም እንጂ ገበያተኛውስ ከጠገባት ቆይቷል። አንድ ጣሳ በርበሬ ሊገዛ ጎንበስ ያለ ሰው በርበሬው የበቀለበትን አገር፣ የአምናውን ዝናብ፣ ያልተጠራበትን ሠርግ፣ የራሱን የአክስት ልጅ ሕመም ሳይቀር ሰምቶ ነው ቀና የሚለው። የቸኮለ ሰው በጨው ተራ ይዞራል እንጂ በእሷ መደብ ፊት አያልፍም።

ባሏ አቶ ተሰማ የዶማና የመጥረቢያ እጀታ የሚጠርብ አናጢ ነበር። ከእሱ አፍ ደግሞ በቀን ከአሥር ቃል በላይ አይወጣም። ሰዎች «አቶ ተሰማ፣ ይህን ሁሉ ወሬ እንዴት ቻልከው?» ሲሉት ፈገግ ብሎ «ለምጄ» ይላል። ለዚያ ቀን ዘጠኝ ቀረው ማለት ነው።

ማንጠግቦሽ ወሬ የምታበዛበትን ምክንያት ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከመደቧ አጠገብ ኮርቻ የሚሰፋ ጎረቤት ነበራት። ይህ ሰው በአንድ የስካር ጠብ ነፍስ አጥፍተሃል ተብሎ ተፈረደበትና ከተማው ሁሉ እያየ ተሰቀለ። ማንጠግቦሽም በሕዝቡ መሃል ቆማ አየች። ሰውየው ሲሰፋ እንደሚያንጎራጉር፣ የጫማዋ ጠፍር ሲበጠስ ሳትጠይቀው እንደሚቀጥልላት፣ ዝናብ ሲመጣ የራሱን ሥራ ትቶ የእሷን በርበሬ እንደሚሸፍን ታውቅ ነበር። የምታውቀውን ሁሉ ዋጥ አድርጋ ዝም አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ዝምታ ሲበዛ ደረቷ ላይ ድንጋይ የተጫነ ስለሚመስላት ቶሎ ብላ ታወራለች።

በዚያ አገር አንድ የቆየ ሕግ ነበር። ሞት የተፈረደበት ሰው ገመዱ ሥር ከቆመ በኋላ ሥርዓቱን የሚመራው አጋፋሪ ለሕዝቡ «ቃል ያለው ይናገር!» ይላል። የሚነሣ ሰው ካለ ቃሉን እስኪጨርስ ማንም አያቋርጠውም፤ ገመዱም አይነካም። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ፣ እስረኛውም ወደ ወህኒው ይመለሳል፤ በማግሥቱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ተናጋሪ ሲጠፋ ነጋሪቱ ሦስት ጊዜ ይጎሰማል። ከሦስተኛው በፊት የተነሣ ከሌለ ፍርዱ ይፈጸማል። ሕጉን ያወጣው የንጉሡ ቅድመ አያት ነው። ግን ከንጉሥ ፍርድ በኋላ ቃል አለኝ ብሎ መነሣትን ማን ይደፍራል? አጋፋሪው በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ አንድም ሰው ሲነሣ አላየም። ስለዚህ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ያነበንብና ቃሉ ሳያልቅ ወደ ነጋሪት መቺው ይዞራል።

ታዲያ አንድ ድርቅ የጠናበት ዓመት በአንድ የመስኖ ቦይ የሚያጠጡ ሁለት ገበሬዎች በውሃ ተራ ተጣሉ። አንዱ ቢያድግልኝ፣ ሌላው ሞላ ይባላሉ። ቢያድግልኝ በንዴት ዶማውን አንሥቶ በእጀታው የሞላን ራስ መታው፤ ሞላም እዚያው ቦዩ ዳር ሞተ። ቢያድግልኝ አልሸሸም፤ አልካደም። ሬሳውን ተሸክሞ ራሱ ወደ ከተማው ገባ። ዳኛውም ይሰቀል ብሎ ፈረደ፤ ንጉሡም አጸና።

የመስቀያው ቀን ሕዝቡ እንደ ልማዱ አንገቱን ደፍቶ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ማንጠግቦሽ ቢያድግልኝን አታውቀውም ማለት ይቻላል። በዓመት ሁለት ጊዜ ሽንኩርት አምጥቶ ያራግፍላታል፤ ያን ጊዜም የምታወራው እሷ ነች። አሁን ግን ገመዱ ሥር ቆሞ ስታየው የኮርቻ ሰፊው ፊት መጣባት። አጋፋሪውም «ቃልያለውይናገር» ብሎ ወደ ነጋሪት መቺው ዞረ።

«እኔ አለኝ» አለች ማንጠግቦሽ።

አጋፋሪው የሰማውን ማመን አቃተው። «ምን አለሽ?»

«ቃል ነዋ!»

«የምን ቃል?»

«እሱን ስናገር ትሰማዋለህ። ያለው ይናገር አላልክም እንዴ?»

ሕዝቡ መሃል አንድ ሰው ፈልጎ ሳይሆን አምልጦት ሳቀ። አጋፋሪው ወደ ዳኛው ተመለከተ። ዳኛው ደግሞ ጸሐፊውን አየ። ጸሐፊው የሕጉን መጽሐፍ ገልጦ ጣቱን በመስመሮቹ ላይ ካስኬደ በኋላ ራሱን ነቀነቀ፤ ሴትዮዋ ልክ ናት። ዳኛውም «እሺ፣ ቶሎ በይ» አላት። ማንጠግቦሽን ቶሎ በይ ያላት ሰው አገሩን እንደማያውቅ ከዚህ ታወቀ።

ወደ መስቀያው ወጣች። መጀመሪያ ያወራችው ስለ ኮርቻ ሰፊው ነው። «ያን ቀን እዚሁ ቆሜ ነበር» አለች። «ዝም አልኩ። ስለሱ የማውቀውን አልተናገርኩም። እናንተም ታውቁት ነበር። አንቺ፣ የበቅሎሽን ኮርቻ ማን ነበር የሚጠግንልሽ? አንተስ አባቴ፣ በሠርግህ ቀን ማን ነበር ከበሮህን የወጠረልህ?» ሕዝቡ ቀስ በቀስ ቀና ቀና አለ። ከዚያ ስለ ቢያድግልኝ ያየችውን ሁሉ ጀመረች፤ ሽንኩርቱን ሲያራግፍ የበሰበሰውን ራሱ እንደሚለይ፣ በአህያው ላይ ዱላ እንደማያነሣ፣ አንድ ጊዜ ሦስት ሰዓት ሙሉ ወሬዋን ቆሞ እንደሰማትና መጨረሻ ላይ «እትዬ፣ አሁን ልሂድ?» ብሎ እንዳስፈቀዳት። በዚህ ጊዜ እስረኛው ራሱ ገመዱ ሥር እንደቆመ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ያየው ሕዝብ ሊረሳው አልቻለም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁሉም ያየው ገዳይ ነበር።

ፀሐይ ጠለቀች። አጋፋሪው ላቡን ጠርጎ «ነገ ይቀጥላል» አለ። ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነበር።

በማግሥቱ ማንጠግቦሽ ማለዳ ተነሥታ ጀመረች። ሆኖም ፀሐይዋ መሃል ሰማይ ሳትደርስ ድምፅዋ ይሻክር ጀመር። ውሃ ሰጧት፤ ማር አላሷት። ድምፅዋ ግን እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጭራሽ ጠፋ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማ ነገር የለም። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ያልከዳት ድምፅ በዚያች ቀን ከዳት። ዳኛው ጥቂት ጠበቀና ለነጋሪት መቺው ምልክት ሰጠ።

ነጋሪቱ አንድ ጊዜ ተመታ። ማንጠግቦሽ ወደ ሕዝቡ ዞራ እጆቿን ዘረጋች፤ ሁሉም መሬት መሬት አየ። ነጋሪቱ ሁለተኛ ተመታ። እንባዋ መጣ።

«እኔ» አለ አንድ ሰው።

አቶ ተሰማ ነበር። ሕዝቡ በድንጋጤ መንገድ ለቀቀለት። ወጣና ከሚስቱ አጠገብ ቆመ። ቆቡን አውልቆ በእጁ ያዘ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ሞላ የተመታበት የዶማ እጀታ የእኔ ሥራ ነው። ከወይራ ጠርቤ ለቢያድግልኝ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ስጠርበው አፈር ይቆፍርበታል ብዬ ነው። ሰው ይሞትበታል አላልኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጥረቢያ ማንሣት አልቻልኩም። ይህን ገመድ የጎነጎነውም ሰው ከብት ይታሰርበታል ብሎ ነው የጎነጎነው። እኔ ሳላስበው እጄ አንድ ሰው መግደል ላይ ገባ። አሁን እያሰብኩ በሁለተኛው ላይ እንዲገባ አልፈልግም።»

ይህን ብሎ ዝም አለ። የዓመቱን ቃል ያወጣ መሰለ። ማንጠግቦሽ ድምፅ ባይኖራትም በክርኗ ጎሸም አደረገችውና በእጇ «ቀጥል፣ ቀጥል» አለችው። እሱም የሚያወራው ሲያጣ በሕይወቱ የጠረባቸውን እጀታዎች መቁጠር ጀመረ። «ለአቶ ባይለየኝ፣ የመጥረቢያ፣ ከዋንዛ። ጥሩ አልነበረም፤ ይቅርታ። ለወይዘሮ ደብሪቱ፣ የማረሻ ድግር፣ ከወይራ። እሱ ጥሩ ነው። ለካህኑ፣ የመቋሚያ እግር፣ ከጽድ...» ስሙ የተጠራ ሁሉ «አቤት!» ይላል፤ አንዱ «የእኔስ ሁለት ነው፣ አንዱን ረሳኸው!» ብሎ ይጮኻል። አቶ ባይለየኝ «በእውነት ጥሩ አልነበረም፣ ግን እስካሁን ይሠራል» ሲል ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። አቶ ተሰማ ሳያቋርጥ ፀሐይ እስክትጠልቅ አወራ። ማንጠግቦሽ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ሲያወራ ሰምታው አታውቅም፤ ተቀምጣ እንደ ሙሽራ አየችው።

በሦስተኛው ቀን ተናጋሪ መለመን አላስፈለገም። ስማቸው የተጠራ ሰዎች ተሰልፈው መጡ። ወይዘሮ ደብሪቱ ቢያድግልኝ በልጅነቱ ከወንዝ ያወጣላትን ጥጃ አወራች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ስለ ቢያድግልኝ ምንም እንደማያውቁ ተናግረው፣ ስለ ራሳቸው ማውራት ጀመሩ፦ በጎልማሳነታቸው በወሰን ጠብ ወንድማቸው ላይ ድንጋይ አንሥተው ነበር፤ ድንጋዩ በአንድ ስንዝር ሳተው። «በዚያች ስንዝር ነው እዚህ ሽማግሌ ተብዬ የምከበረው» አሉ። «ድንጋዩ ባይስት ኖሮ እዚያ ገመድ ሥር የቆምኩት እኔ ነበርኩ።» ከዚያ አንዱ ተነሥቶ እሱም ስላነሣው ዱላ፣ ሌላዋ ስለወረወረችው ሙቀጫ መናገር ቀጠሉ። ሙቀጫ የተወረወረበት ባል ከሕዝቡ መሃል ሆኖ ግንባሩን ሲያሳይ ሳቁ እንደ ገና ተመለሰ። ሰው ምሳውን ቋጥሮ ይመጣል፤ ያልያዘ ይቋደሳል። ገመድ ያዡ ቆሞ መዋል ስለሰለቸው መሬት ተቀምጦ ይሰማ ጀመር።

በአምስተኛው ቀን ንጉሡ ከኮረብታው ላይ ካለው ግቢው ሆኖ ሳቅ ሰማ። ከመስቀያው ሜዳ ሳቅ መጥቶ አያውቅም። በቅሎውን አስጭኖ ወረደ። ሕዝቡ እጅ ነሣ።

«ምን ያስቃችኋል?» አለ ንጉሡ። «እኔ የሚለቀስበት ቦታ ነበር የሚመስለኝ።»

የማንጠግቦሽ ድምፅ እንደ ነገሩ ተመልሶ ነበር። «ንጉሥ ሆይ፣ እርስ በርስ እየተዋወቅን ነው» አለች።

«ሰውየው አልገደለም ነው የምትሉት?»

«ገድሏል። እሱም አልካደ፤ እኛም አንክድለትም።»

«እንግዲያ ምን ትፈልጋላችሁ?»

«ከከተማችን አንድ ሰው ጎደለ፤ አዘንን። ሁለተኛውን ለማጉደል ለምን እንደምንጣደፍ ነው ያልገባኝ። እርስዎ ከገባዎት ይንገሩኝና ቃሌን ጨርሼ ወደ ሽንኩርቴ ልመለስ።»

ንጉሡ ሊቆጣ አሰበ፤ ነገር ግን ተወው። ከመልስ ይልቅ ወንበር አስመጣ። «ሕጉ የቅድመ አያቴ ነው፤ አልሽረውም» አለ። «ወሬ ግን ያልቃል። ሲያልቅ እዚሁ ተቀምጬ አያለሁ።»

ወሬው አላለቀም። ንጉሡ በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ በእጁ አፉን ሸፍኖ ሲስቅ አጋፋሪው አይቶታል።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ጥቁር የለበሰች ወጣት ሴት ሕፃን ልጅ አዝላ ሜዳው ላይ ደረሰች። የሞላ ሚስት ይታይሽ ነበረች። ሳቁ ወዲያው ጸጥ አለ። ሰዎች ወደ ኋላ እያፈገፈጉ መንገድ ከፈቱላት። እሷም ቀጥታ ሄዳ ማንጠግቦሽ ፊት ቆመች።

«እትዬ ማንጠግቦሽ» አለች። «አምስት ቀን ሙሉ ቤቴ ተቀምጬ ሳቃችሁን ሰማሁ። ስለ ገዳዩ ስታወሩ ሰነበታችሁ። ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ አህያው፣ ስለ ፈገግታው። ስለ ባሌስ ማን አወራ? ሞላ ሰው አልነበረም?»

ማንጠግቦሽ ለመመለስ አፏን ከፈተች፤ ቃል አልወጣም። በዚህ ጊዜ የጠፋው ድምፅዋ አልነበረም። እውነት ነው፤ አምስት ቀን ስለ ሞላ አንድ ቃል የተናገረ የለም። የሚያድኑትን ሲያስቡ የሞተውን ረስተውት ነበር። ነጋሪት መቺው እንኳ ዱላውን ማንሣት አልቻለም።

በመጨረሻ ማንጠግቦሽ ከመስቀያው ወርዳ የይታይሽን እጅ ያዘች። «ልጄ፣ አጥፍቻለሁ» አለች። «አላወራሁለትም። አላውቀውምና ነው፤ ይህም ጥፋቴ ነው። ቦታው ያንቺ ነው፤ አንቺ ንገሪን። የፈለግሽውን ተናገሪ። ይሰቀል ካልሽም ተናገሪ፤ ማንም አያቋርጥሽም።»

ይታይሽ ይህን አልጠበቀችም። ለመጣላት ነበር የመጣችው። ሕፃኗን እንዳዘለች ወጣች፣ ሕዝቡን አየች፣ ቢያድግልኝን ግን ላለማየት ፊቷን አዞረች።

«ሞላ ሲያርስ ይዘፍን ነበር» ብላ ጀመረች። «ድምፁ ደግሞ የሚያስጠላ ነበር። በሬዎቹ እንኳ ይቆማሉ።» አንድ ሁለት ሰው ከንፈሩን ነከሰ። «ችግኝ ሲተክል ያናግራቸዋል። አንቺ ጠንክሪ፣ አንተ ደግሞ ተኛህ ይላቸዋል። ሲቆጣኝ ወጥቶ ለጎመኑ ይከሰኛል። ደግሞ...» አለችና ቆመች። «ደግሞ እንቁራሪት ይፈራ ነበር። ዕድሜ ልኩን ቦይ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ እንቁራሪት ካየ ጮኾ ይወጣል። እኔ ነኝ እየተከተልኩ የማባርርለት።»

አንዲት ሴት መቆጣጠር አቅቷት ሳቀችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ይታይሽ በቁጣ ወደ እሷ ዞረች። ከዚያ ግን እሷም ባሏ ቦይ ዳር ሲዘል በዓይኗ መጣባትና ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እየሳቀች አለቀሰች። ሕዝቡም አብሯት ሳቀ፤ አብሯትም አለቀሰ። ያን ቀን ውሎ እስኪመሽ፣ በማግሥቱም ከማለዳ ጀምራ ስለ ሞላ ተናገረች። ሰዎችም እየተነሡ ጨመሩላት፤ አንዱ አብሮት የቆፈረውን ጉድጓድ፣ ሌላው በሠርግ ላይ ያበላሸውን ዘፈን። ሞላ በሕይወት ሳለ ይህን ያህል ሰው እንደሚወደው አያውቅም ነበር።

ቢያድግልኝ ሁሉንም ሰማ። አምስት ቀን ሙሉ ስለ ራሱ መልካም ሲወራ ቆሞ ነበር። አሁን ግን መሬት ተቀመጠ፤ በታሰሩ እጆቹ ፊቱን ሸፈነ። የገደለው ማንን እንደሆነ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

በሰባተኛው ቀን ከሰዓት ይታይሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ ዞረች።

«አጠገቡ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ» አለችው። «እኔ ስደርስ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ንገረኝ፤ መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

አጋፋሪው «የተፈረደበት ሰው...» ብሎ ሊከለክል ሲል ንጉሡ እጁን አነሣበት።

ቢያድግልኝ ቀና አለ። «ይህን የጠየቀኝ የለም» አለ። «ዳኛው መታኸው ወይ አለኝ፤ አዎ አልኩ፤ በቃ። ሞላ ወድቆ ሳለ ዶማውን ጥዬ ልደግፈው ሮጥኩ። እሱ ግን እጄን ገፋና ‹ውሃውን ዝጋው! ያንተም ችግኝ ሰመጠ!› አለኝ። እኔ ራሱን ቀና ላደርግ ስል ‹መጀመሪያ ውሃውን!› ብሎ ተቆጣኝ። ሄጄ ዘጋሁ። ስመለስ አልፏል።»

ይታይሽ ጠጋ አለችው። «እሱ ነው» አለች። «እውነትህን ነው። ሞላ እንዲህ ነው የሚለው።» እንባዋ እየወረደ ፊቷ ግን በራ፤ ባሏን ለአንድ አፍታ መልሰው የሰጧት ይመስል ነበር።

ዳኛው ጉሮሮውን ጠርጎ «ወይዘሮ፣ እንግዲህ ቃልሽን ጨረስሽ?» አላት።

«አልጨረስኩም» አለች ይታይሽ።

«ቀጥይ እንግዲያ።»

«ዛሬ ደክሞኛል።»

ንጉሡ ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ «ነገ ትጨርሻለሽ?» ሲል ጠየቃት።

«ነገ አልጨርስም፣ ንጉሥ ሆይ።»

«በሚመጣው ሳምንትስ?»

ይታይሽ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ታቀፈቻት። «ይህች ልጅ ገና ዓመቷ ነው። አባቷን የምታውቀው በሚወራላት ብቻ ነው። የመጨረሻ ቃሉን የሰማው ደግሞ በዓለም ላይ ይህ ሰው ብቻ ነው። ስታድግ ከራሱ አፍ ትስማው፤ ያደረገውንም ዓይን ዓይኗን እያየ ይንገራት። እኔ ይቅር አላልኩትም። ምናልባት አንድ ቀን እላለሁ፤ ምናልባትም አልልም። ለዚያም ቢሆን ጊዜ ያስፈልገኛል። እሱን ብትሰቅሉት የምትወስዱብኝ ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ቃሌን አልጨረስኩም። ዕድሜ ከሰጠኝ የምጨርሰው ስሞት ነው።»

ንጉሡ ወደ ጸሐፊው ዞሮ «ሕጉ ምን ይላል?» አለ።

«ተናጋሪው እስኪጨርስ ገመዱ አይነካም ይላል፣ ንጉሥ ሆይ።»

«አልጨረስኩም ብላለች» አለ ንጉሡ። «እኔም ሰምቻለሁ። ሕጉ ግልጽ ነው።» ጢሙ ሥር የተደበቀው ፈገግታ ግን ከሁሉም በላይ ግልጽ ነበር።

መጀመሪያ የገባት ማንጠግቦሽ ናት። በዚያ በሻከረ ድምፅዋ እልል አለች። ሜዳው በሙሉ ተቀበላት። ነጋሪት መቺው ሰባት ቀን የያዘውን ዱላ አነሣና ለጭፈራ መታ፤ ነጋሪት ለጭፈራ ሲመታ የዚያ አገር ሰው አይቶ አያውቅም። አጋፋሪው ሃያ ሁለት ዓመት ያልተንቀሳቀሰ ትከሻውን ቀስ ብሎ ሞከረው፤ ይሠራል። አቶ ተሰማም ሚስቱን በክንዷ ይዞ «እንሂድ፣ ሽንኩርቱ ይበላሻል» ሲላት፣ «ቆይ፣ ለደብሪቱ አንድ ነገር ልንገራት» አለችው። እስኪመሽ አልጨረሰችም።

ቢያድግልኝ ነፃ አልተለቀቀም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ይታይሽም ተጠይቃ፣ ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን እስክትደርስ የሞላን መሬት ከራሱ አስቀድሞ እንዲያርስ፣ ቦዩን እንዲጠብቅ፣ ከአገሩም እንዳይወጣ ተወሰነበት። እሱም አንድ ቀን እንኳ አልቀረም። ልጅቷ አድጋ ስትጠይቀው ቦዩ ዳር ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራት። ምን እንዳለችው እናቷ ብቻ ነው የምታውቀው፤ እናቷም አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ሞት የተፈረደበት ሰው ሲኖር ሕዝቡ ስንቁን ቋጥሮ ይወጣ ጀመር። የገዳዩንም የሟቹንም ታሪክ ያወራሉ። በሦስተኛው ፍርደኛ ጊዜ ከሩቅ አገር የመጣ ጨው ነጋዴ ወሬውን ሲሰማ ቆይቶ ተነሣና «ቆዩ እንጂ! ይህ ሰው ገደለ በተባለበት ቀን ከእኔ ጋር በረሃ ውስጥ ግመል ይጭን ነበር» አለ። ሲጣራ እውነት ሆነ፤ ሰውየው ምንም አላደረገም ነበር። ያን ቀን የሳቀ ሰው አልነበረም። ንጉሡም ከዚህ በፊት ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ቆሞ የተሰቀሉትን አሰበና ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምስ ዋለ። በማግሥቱም በግዛቱ ሰው በሕግ እንዳይገደል አዋጅ አስነገረ። መስቀያው ፈርሶ ሜዳው ላይ ጎመንና ሽንኩርት ተተከለ።

ወዳጆቼ፣ ይህን ታሪክ ያካፈልኳችሁ አንድ ነገር እንድናስብ ብዬ ነው። ሰው መግደል የሚቀለው ሰውየውን ሳናውቀው ነው። ቢያድግልኝ በንዴቱ ሰዓት ሞላን አላየውም፤ ያየው ውሃውን ብቻ ነው። ከተማውም መጀመሪያ ቢያድግልኝን አላየውም፤ ያየው ወንጀሉን ብቻ ነው። የበደለ ሰው ለበደሉ መልስ ይስጥ፤ መልስ የሚሰጠው ግን በሕይወት ያለ ሰው ነው። የተበደለውን ሰው እንባ ሳንሰማ ለበዳዩ ብቻ ብንሟገት ደግሞ ሥራችን ግማሽ ነው። ማንጠግቦሽ ጀግና አልነበረችም፤ የምታውቀውን ጮክ ብላ የተናገረች ሽንኩርት ቸርቻሪ ናት። ይህን ማድረግ ለማንም አይከብድም፤ የሚከብደው ቀድሞ መነሣት ነው።

እስቲ እኛስ? ነገ «ይህ ሰው ይሙት» ሲባል ብንሰማ፣ ስለ እሱ ምን እናውቃለን? እሱ ስለ በደለውስ ሰው ምን እናውቃለን? የምናውቀውንስ ለመናገር ማን እስኪቀድመን ነው የምንጠብቀው?